ምሰሶ የሌለው ቤት

ሰኞ
ግመሉም አለቀ! ገላው የወይራ እንጨት፣ ሻኛው አሮጌ ጎማ። የጋምቤላዋ ታንኳም ሳፋ ውስጥ ተንሳፍፋለች። በደብረ ታቦር እንደኔ መጫወቻ የሚሠራ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ይኸው የሕፃናት አስተማሪ ሆንሁ!

መምህርት ትርንጎ ልጆቹን የሌላ አገር ሰው ኑሮ በመጫወቻ ነው የሚያስተምሩ። የቀረኝ ለአርብ የጨንቻ ቤት ነው። ከዚያ የመጣች ምሕረት የምትባል ልጅ አለች፤ አባቷ መንገድ ሥራ ላይ ናቸው። አማርኛዋ ስለሚሰባበር ልጆቹ ይሥቁባታል። ትምርት ቤት አልሄድም እያለች ታለቅሳለች አሉ። «የአገሯን ቤት አይተው እንዲያከብሯት ነው፤ አደራህን» አሉኝ። «አታስቡ፣ ቤት ለኔ ምን አላት?» አልኋቸው።

ማክሰኞ
በአንድ ቀን ጨረስሁ! ጭቃ ምርግ፣ መሐሉ ላይ የጽድ ምሰሶ፣ ጫፉ ላይ ጉልላት። የሰጡኝን ፎቶ አንዴ አየት አደረግሁት። ከፊቱ እንደ አፍንጫ የወጣ ነገር አለው፤ እሱንም ቀጠልሁለት። ውስጡ አይታይም። ቤት ከሆነ ምሰሶ አለው፣ ምን ይጠየቃል?

ሮብ
ተዋረድሁ። ቤቱን ትምርት ቤት ወስጄ ሳሳይ ምሕረት ጎንበስ ብላ በበሩ ወደ ውስጥ አየች።
«ይሄ የኛ አይደለም። መሐሉ እንጨት አለው። የኛ ቤት ይሄዳል።»
«እግር አለው እንዴ?» ብዬ ሣቅሁ።
ልጆቹ ተቀበሉኝ። «ቤቷ ይሄዳል! ቤቷ ይሄዳል!» ፊቷን በሹራቧ ሸፈነች።
ያስጀመርሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ
በጧት አባቷን፣ ጋሽ ወንድሙን፣ መንገድ ሥራው ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው።
«እውነቷን ነው» አሉኝ። «ቤታችን ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ነው የሚሠራው። እግሩን ምስጥ ሲበላው ቆርጠን እናሳጥረዋለን። ቦታ ስንለውጥ ጎረቤት ተጠርቶ ተሸክሞት ይሄዳል።»
«ጋሼ፣ እየቀለዱብኝ ነው?»
«የናንተን ምሰሶ ምስጥ ቢበላውስ?»
እኛማ አፍርሰን እንደገና ነው የምንሠራ።

ቀርከሃ ስላጣሁ ሸምበቆ ሰነጠቅሁ። ሦስት ጊዜ ተፈታብኝ። ጣቴን ቆረጠኝ። አራተኛው ከነአፍንጫው ያለ ምሰሶ ቆመ! ድንጋይ ጫንሁበት፣ ንቅንቅ አላለም። ጀግና ማነው?

አርብ
መጀመሪያ የጭቃውን ቤት አቅርቤ ልጆቹን «አንሡት» አልኋቸው። ጭቃው ረገፈ፣ ምሰሶው እጃቸው ላይ ቀረ። «ያላወቅሁ እኔ ነኝ፤ ልክ እሷ ናት» አልሁ። ይቺ ቃል እንዴት ትከብዳለች!

የሸምበቆውን ሳቀርብላት ዞረችው፣ በበሩ አየች።
«እንጨት የለውም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ አዛዥ ሆነች። «አንተ በዚህ! አንቺ በዚያ! ያዙ!»
ስድስት ልጅ አነሣው። ቤቱ ግቢውን ዞረ። «የምሕረት ቤት ይሄዳል!» ያው የሮብ ቃል ነው፤ ዛሬ ግን ከፊት የምትጮኸው እሷ ናት። መምህርት ትርንጎ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ አላለቀስሁም፣ አቧራ ነው።

ሲያስቀምጡት መጣችና አፍንጫውን ነካ አደረገች። «ይሄ ጠማማ ነው።»
ጠማማ? የኔ ሥራ?
ሰኞ አቃናዋለሁ።