ያለ ቆቦ የማይሆን ሂና

ውድ ረቢአ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏህ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽን ሾፌሩን አደምን ከማን እንደሆነ ሳይነግርሽ እንዲሰጥሽ ለምኜዋለሁ። ስሜን ቀድመሽ ብትሰሚ ሳትከፍቺው ትመልሺዋለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። አንቺና ኸይረዲን ከተለያያችሁ በኋላ ወደዚያ ቤት የገባሁት፣ ሱዓድን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት ዙቤይዳ ነኝ። «አንቺ» ልበልሽ ወይስ «አንቱ» እያልኩ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። በዕድሜ ብዙም አትበልጪኝም ይላሉ፤ አንድ ልጅ ስለምንጋራ ደግሞ «አንቺ» ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ ደውሎ «ሃሎ» ስትዪ የሚዘጋብሽ ቁጥርም የኔ ነው። ድምፅሽን ስሰማ የምናገረው ይጠፋብኛል።

የምጽፍልሽ ስለ ሂና ነው። አትሳቂብኝ።

የሱዓድ ሰርግ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሂናውን የምትቀባው ከሰርጉ በፊት ባለው ሐሙስ ነው። ኸይረዲን ሲያስጠራሽ «ለሰርጉ እመጣለሁ፤ ሂናዋን ግን ያሳደገቻት ትቀባት» ብለሽ መላክሽን ሰምቻለሁ። እሱ ነገሩ በሰላም ያለቀ መስሎት ደስ አለው። እኔም አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ውያለሁ፣ አልዋሽሽም። ሱዓድ ግን ስትሰማ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች። በማግስቱ ጸጉሯን እያበጠረች፣ «እትዬ፣ እንደ እማ ጸጉር ካልሆነ ባልቀባ ይሻለኛል» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ደውለሽ አትጠይቂያትም?» አልኳት።

«ትታኝ ሄዳ ደግሞ እኔ ልለምናት?» አለችኝ።

ቀለሙን ፈልጋ ባለቀለሟን አለመፈለጓ ገረመኝ። ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና፣ «ቤት ውስጥ ጥቁር ነው። ቀይ የሚሆነው ፀሐይ ላይ ስትወጣ ብቻ ነው። ሻይ በብርጭቆ ይዘሽ ወደ ብርሃን ስታነሺው እንደሚሆነው» አለችኝ። እንዲህ ያለ ሂና በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሂና ማለት ፓኬት ቀድዶ በውሃ በጥብጦ መለቅለቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እንዴት አድርጋ ነው ይህችን ቀለም ያወጣቻት የሚለው ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሳኝ።

መጀመሪያ ገበያ ወጣሁ። ዓፊያ የምትባል ሂና ሻጭ ሦስት ከረጢት ፈታ አሳየችኝ። «ይሄ ቡናማ የሆነው ዓመት የተቀመጠ ነው፤ አይዝም። ይሄን ጥቁር ሂና ይሉታል፤ ወላሂ ሂና አይደለም፣ ኬሚካል ነው። የሙሽራ ራስ እንዳያቃጥልብሽ። ይሄንን ግን አሽቺው» አለችኝ። አሸተትኩት። የደረቀ ሣር ይሸታል፣ መልኩም የሣር ነው። በሁለት ጣቴ ባሸው አሸዋ የለበትም፣ እንደ ዱቄት ልስልስ ብሎ ይቀራል። «በይ ከዚህ ጀምሪ። አንድ ነገር ደግሞ፣ በቀባሽበት ቀን አይተሽ አትፍረጂ» አለችኝ። የመጨረሻውን ምክር ያኔ ልብ አላልኩትም።

የሱዓድን ማበጠሪያ አጽድቼ የወጣውን ጸጉር በክር እያሰርኩ መሞከሪያ አደረግሁት። አንዱን ሂና በሎሚ በጠበጥኩ፣ አንዱን በሻይ፣ አንዱን በእርጎ። ኸይረዲን ብርጭቆ ሲፈልግ በየብርጭቆው ውስጥ የተነከረ ጸጉር እያገኘ፣ «ይህችን ሴት ምን ነካት?» ብሎ ሻዩን ውጭ ሊጠጣ ሄደ። ሱዓድ ከሥራ ስትመለስ የታጠበውን ጸጉር በመስኮቱ ብርሃን አንድ በአንድ ታያለች። «ካሮት» ትላለች። «ሸክላ።» አንዱን ደግሞ ብዙ ጊዜ አይታ፣ «ይሄ አውራ ዶሮ ነው» አለችኝ።

ያኔ የድሮ ጎረቤትሽ ጥሩነሽ ትዝ አለችኝና ሄድኩ። ስምሽን ሳነሳ ፊቷ በራ። «የረቢአ ጸጉር? ‹ያለ ቆቦ አይሆንም› ትል ነበር። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ» አለችኝ።

ምስጢሩን ያገኘሁ መሰለኝ። በዚያው አደምን ፈልጌ፣ «ወደ ቆቦ የሚነዳ ጓደኛ አለህ አይደል? ሂና ያምጣልኝ» አልኩት።

«ከሚሴ ሂና ጠፍቶ ነው ቆቦ ድረስ የሚላከው?» አለኝ።

«የቆቦው ይለያል» አልኩት፣ እንደሚያውቅ ሰው።

ከአምስት ቀን በኋላ ግማሽ ኪሎ ሂና መጣልኝ። ሱዓድን ጠርቼ፣ «የእናትሽን ምስጢር ደረስኩበት፤ ከቆቦ ከተማ አስመጣሁልሽ» አልኳት። መጀመሪያ አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ሆዷን ይዛ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ሳቋ አላናግር ብሏት፣ «እትዬ፣ ቆቦ እኮ ጉሎ ነው። በኦሮምኛ ጉሎን ቆቦ ነው የምንለው። እማ የጉሎ ዘይት ትቀባ ነበር ማለት ነው» አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ከሚሴ ኖሬ ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከገበያ ቁጥር አላለፈም፤ የጥሩነሽም ከኔ አይሻልም። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ስላንቺ እያወራን መሆኑን ለጊዜው የረሳን ይመስለኛል።

በማግስቱ የጉሎ ዘይት ገዛሁ። እቤት ገብቼ ክዳኑን እንደከፈትኩ ግን መልሼ ዘጋሁት። ሽታውን አውቀዋለሁ።

ረቢአ፣ እስካሁን በዱቄትና በብርጭቆ ያዞርኩሽ እዚህ ላይ መድረስ ፈርቼ ነው። ሱዓድ ስምንት ዓመቷ ሳለ ለዒድ በአደም እጅ የተቋጠረ ሂናና አንድ ትንሽ ጠርሙስ ላክሽላት። በዓመቱም ላክሽ፣ በሦስተኛውም። አደም የሚያስረክበው ለእኔ ነበር። ሂናውን ቀባኋት። «ከየት መጣ?» ስትለኝ «እኔ ገዛሁልሽ» አልኳት። ጠርሙሱን ግን ፈራሁት። ወፍራም ነገር ነው፣ ሽታው ለእኔ እንግዳ ነው፣ የላከችው ደግሞ የቀድሞ ሚስት ናት። ድግምት ያለበት መሰለኝ። ሦስቱንም ጓሮ ወስጄ ደፋኋቸው።

በአራተኛው ዓመት መላክ አቆምሽ። አንድም ቀን ምስጋና ያልደረሰው ሰው ቢያቆም አይፈረድበትም። በዚያ ዒድ ሱዓድ ለጓደኛዋ «እማ ረስታኛለች» ስትል ሰማኋት። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ዝም አልኩ፤ ዘይቱን ከመድፋቴ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ በዘመድ ለቅሶ ላይ ስትገናኙ እንደ እንግዳ ተሳስማችሁ ስትለያዩ በዓይኔ አይቻለሁ። ኸይረዲን በሩን ዘግቶብሽ ነበር፤ በእጅሽ የቀረችውን አንዲት መንገድ የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።

ለምን እንዳደረግሁት ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው። እንድትወደኝ ፈልጌ ነው። አዲስ ገቢ ነበርኩ፤ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ታያለች። የምሰጣት ነገር ቸገረኝና ያንቺን ወስጄ ሰጠኋት።

ያም ሆኖ ዘይቱን ሞከርኩት። ከጆሮዋ ኋላ አንድ ዘለላ ጸጉር ብቻ ለየሁ። የዓፊያን ሂና ሞቅ ባለ ሻይ በጥብጬ ቀባሁት፣ በፌስታል ጠቅልዬ አራት ሰዓት አቆየሁት፣ ያለ ሻምፖ በውሃ ብቻ አጠብኩት። ሲደርቅ ጉሎውን መዳፌ ላይ አሽቼ አለበስኩት። ሲታጠብ ያው ካሮት ነበር። የዓፊያ ምክር ትዝ ብሎኝ ግን ሁለት ቀን እንዳይነካ አልኩ። ለካ ሂና የሚጠልቀው እያደር ነው፤ እኛ በዚያው ሰዓት እያየን ስንቱን ጥሩ ሂና በከንቱ ሰድበነዋል።

በሦስተኛው ቀን ሱዓድ ግቢ ወጥታ ዘለላውን ወደ ፀሐይ አነሳችው። «ይሄው ነው» አለች። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ጸጉሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችውና ፊቷን ከእኔ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ላባብላት ተነስቼ ነበር፤ በምን አፌ እንደማባብላት ግራ ቢገባኝ ተመልሼ ገባሁ።

እንግዲህ አሁን አሠራሩን አውቀዋለሁ። ሐሙስ እኔ ብቀባት ያው ቀለም ይወጣል፤ ከሴቶቹ አንዷም ልዩነቱን አታውቅም። አንቺም «ያሳደገቻት» ብለሽ ፈቅደሽልኛል። ነገር ግን አንዴ ያንቺን በስሜ ሰጥቻታለሁ፤ ሁለተኛ ማድረግ አልችልም። ይህን ደብዳቤ ስጀምር አሠራሩን በትክክል ልጠይቅሽ አስቤ ነበር። አሁን የምለምንሽ ሐሙስ በጠዋት እንድትመጪና በእጅሽ እንድትቀቢያት ነው።

ስለ ኸይረዲን አታስቢ። ያደረግሁትን በሙሉ ነገርኩት። አንድ ቀን ሙሉ አላናገረኝም፤ በማግስቱ ጫማውን እያደረገ «ትምጣ» አለኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅሽ ብቀር አይሆንልኝም። ዘይቱን ታሞቂው ነበር? ቀዝቃዛውን ስቀባ ጸጉሩ ላይ ይቋጠርብኛል። እሱን ስትመጪ ታሳዪኛለሽ፣ ለማየት ፊት ካለኝ።

ሱዓድ ጠርሙሶቹን እስካሁን አታውቅም። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ በእጇ እሰጣታለሁ፤ እኔ አላነብላትም፣ ራሷ ታንብበው። ከስሜ በታች ባዶ ቦታ ትቻለሁ። የምትልሽ ነገር ካላት ትጻፍበት። ካልጻፈች ባዶውን እንዳለ እልከዋለሁ፤ ያኔም ቢሆን ጥፋቱ የኔ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ማለት ይገባኛል፤ እሱን ግን ፊት ለፊት ቆሜ ልልሽ አስቀምጬዋለሁ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

ዙቤይዳ


እማ፣ ኮቱ፣ ነይ። ሐሙስ በጠዋት ድረሺ። እትዬን ዛሬ አላናግራትም። ሂናውን ግን እሷ ትበጥብጠው፤ አንቺ ትቀቢኛለሽ።

ሱዓድ