መረብ ላይ ፊጥ ስላልሁበት ጉዳይ

ለክቡር ግራዝማች ክንዴ ቢሻው፣
የከተማችን የስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበርና የመረብ ኳስ ቡድናችን አሠልጣኝ፣
ዳንግላ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የባለቤትዎን ደኅንነትና የልጆችዎን እድገት፣ እንዲሁም ካለፈው መስከረም ወዲህ የቅርብ ትውውቅ ስላለን የፈረሶችዎን ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከወገቤ በላይ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ውድቀቴ በሕዝብ ፊት ስለነበረ ልመናዬንም ሕዝብ ቢሰማው ደግ ነው ብዬ በአደባባይ ለጥፌዋለሁ።

አመልካቹ ደርበው ምህረቴ እባላለሁ፤ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከዋርካው ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ ነኝ። በሥራዬ ጠባይ ምክንያት ከሰውነቴ ሁሉ የበረታው መቀመጫዬ ነው። ያም ሆኖ ችሎቱ ሲዘጋ ወደ ሜዳ እየሄድሁ በከተማው ቡድን ውስጥ ለዓመታት ተጫውቻለሁ። ዝላዬን በሚመለከት፣ ባለቤቴ የሻረግ አንድ ቀን ሜዳው ዳር ቆማ ስታየኝ ከቆየች በኋላ፣ አሁን ዘለልህ ማለት ነው ወይስ ገና ነህ ብላ ጠይቃኛለች።

ዓምና በእንጅባራ ሜዳ እንዴት እንደተሸነፍን ክቡርነትዎ በዓይንዎ አይተዋል። ኳሱ ሁሉ ከእጃችን በላይ ያልፍ ነበር፤ እኛም አንጋጠን ሸኘነው። ክቡርነትዎ ጉድለታችን ከእግር መሆኑን እዚያው ተናገሩ፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። የተማሪ ቤቱ የስፖርት መምህር አቶ በዛብህ ቁጢጥ ብሎ በሁለት እግር መስፈንጠር፣ የድንጋይ ደረጃ ላይ ዘሎ መውጣትና መውረድ፣ ሸክም ይዞ ቁጭ ብድግ ማለት ይጠቅማል ብለው በትሕትና ቢያቀርቡም፣ ክቡርነትዎ ይህ የእንቁራሪት ሥራ ነው፣ የአገው ምድር ሰው እግሩ የሚጠናው በፈረስ ነው ብለው ወሰኑ። የራስዎን ፈረሶችም ለገሱን። ያለ ኮርቻና ያለ እርካብ፣ ከመሬት ተነሥተን ጀርባቸው ላይ ፊጥ እንድንል፣ ወርደንም እንደገና ፊጥ እንድንል ታዘዝን፤ ከመስቀል እስከ ጥር ጊዮርጊስ ጧት ጧት ይህንኑ ስንሠራ ከረምን። ምስጋናዬ ወሰን ስለሌለው ቀጥሎ በተራ ቁጥር ከፋፍዬ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፤ ሥልጠናው አልሠራም የሚል ሰው ቢኖር ውሸታም ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ዳማው ፈረስዎ ስንደረደር ባየኝ ቁጥር ፈቀቅ ይል ስለነበረ፣ ከጀርባው ይልቅ ከማዶው መሬት ጋር ተዋወቅሁ። በኋላ ግን እሱም ሰለቸው፣ እኔም ወጣሁ። የግራ እግሬ ባት እንደ ድንጋይ ጠጠረ። የቀኝ እግሬ ሥራ ግን መነሣት ሳይሆን መሻገር ነበረ፤ ይህንንም በሚገባ ተማረ።

ሁለተኛ፤ በበዓሉ ማግስት የእንጅባራ ቡድን ወደ እኛ መጣ። ለጊዮርጊስ የተሰበሰበው ባለ ፈረስ ገና አልተበተነም ነበርና ሜዳው ዙሪያውን በፈረስ ታጠረ። እኩል ለእኩል ስንተናነቅ ቆይተን አንዲት የመጨረሻ ነጥብ ቀረች። የቡድን ጓደኛዬ ዓለምነው ኳሱን ከመረቡ አጠገብ ከፍ አድርጎ አነሣልኝ። ተንደርድሬ በግራ እግሬ ተነሣሁ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መረቡን ከላይ ወደ ታች አየሁት። በእርግጥ መሀሉ ላይ ረገብ ብሎ ነበር፤ እሱን አናንሣው። ኳሱን መታሁት፣ በእነሱ ሜዳ አረፈ፣ ሕዝቡም ጮኸ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነበር። ቀኝ እግሬ ግን ማንም ሳይጠይቀው ወደ ማዶ ተሻገረ።

መረቡ ላይ ፊጥ አልሁ። ግራ እግሬ ከዳንግላ፣ ቀኝ እግሬ ከእንጅባራ ሆነ። እጄም እንደ ልማዱ ገመዱን እንደ ልጓም ጨበጠ፤ ከዚህ የቀጠለውን ብዕሬ ለመጻፍ ቢያፍርም፣ አፌ ደግሞ «ቼ!» አለ። ወዲያው የባሕር ዛፉ ቋሚ ዘመመና እኔና መረቡ አብረን ወረድን። ዳኛው ፊሽካውን ለመንፋት በመጀመሪያ ሳቁን መጨረስ ነበረበት። መረብ የነካ ነጥብ ያጣልና ነጥቡም ጨዋታውም ለእንጅባራ ሆነ። ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ የመጡ አንድ አዛውንት ባለ ፈረስ በአገውኛ አንድ ነገር ተናግረው በአጠገባቸው የነበረውን ሰው ሁሉ በሳቅ አፈረሱት። ዓለምነውን ተርጉምልኝ ስለው፣ አቀማመጡስ ደኅና ነው፣ ፈረሱ ግን ከስቷል ማለታቸው ነው አለኝ። ከዚያ ቀን ያገኘሁት ብቸኛ ምስጋና ይኸው ነው።

ሦስተኛ፤ ክቡርነትዎ የፈረስን ክብር በመረብ ላይ አዋርዷል ብለው እኔን ከቡድኑ አስወጡ፤ የቀሩትም ከእኔ እንዲማሩ የጧቱ ሥልጠና ማታም እንዲደገም አዘዙ። ለፍርዱ ፍጥነት ከልብ አመሰግናለሁ። የርስት ክርክራቸውን ስጽፍላቸው ጎልማሳ የነበሩና ዛሬ በምርኩዝ ወደ ችሎት የሚመጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ የእኔ ጉዳይ ግን ቁርስ ሳይቀርብ አለቀ። ዓለምነውም ባለፈው ሳምንት በልምምድ ላይ ቀኝ እግሩ ተሻግሮበት ቋሚውን ረግጧል፤ የማታው ሥልጠና ሲጨመርበት ምን እንደሚረግጥ ለማየት እንበቃለን።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ልመና ነው። ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ የሰው በደል እጽፋለሁ። እናት ልጇን ስትከስ፣ ወንድም ከወንድሙ በድንበር ሲጣላ ቃላቸው የሚያልፈው በእኔ እጅ ነው፤ ወደ ቤቴም የምገባው ያን ሁሉ ተሸክሜ ነበር። ቀና የምለው ኳስ ከላይ ሲመጣ ብቻ ነው። ከታገድሁ ወዲህ ከሜዳው ዳር ቆሜ ጓደኞቼን ሳይ ሆዴ ይባባል፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ስለዚህ በጓሮዬ የአቶ በዛብህን ምክር ጀምሬያለሁ። ቀኝ እግሬ ብቻውን መንገድ እንዳይሄድ የሻረግ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቼን በመቀነቷ ታስርልኛለች፤ እኔም ቁጢጥ እልና እሰፈነጠራለሁ። በመጀመሪያው ቀን በግንባሬ ጎመኑ መሀል ገባሁ። ጎረቤቶቼ በአጥር ተመልክተው ባሏ ቢያብድባት አሰረችው ብለው፣ ጸበል እንድትወስደኝ የሚመክሩ ሽማግሌዎች ላኩባት። አሁን ግን እግሮቼ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ያርፋሉ፤ ዘልዬ ከቤቴ ክዳን ጫፍ ሣር እስከ መንጨት ደርሻለሁ። የሻረግ እድገቴን ብትወደውም ክዳኑ እየሳሳ ስለሆነ ክረምት ሳይገባ እንድጨርስላት ለምናኛለች።

ከፋሲካ በኋላ በእንጅባራ በሚደረገው የመልስ ጨዋታ እንድሰለፍ እንዲፈቅዱልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። የቀኝ እግሬ ጠባይ የሚያሳስብዎ ከሆነ፣ ሕዝብ እያየ በመቀነት ታስሬ ለመጫወት ፈቃደኛ ነኝ። ክብር የሚባለውን ነገር በጥር ወር መረቡ ላይ ስለጨረስሁት፣ በዚህ በኩል የሚጎድልብኝ አይኖርም።

ሁለት እግሬን ገጥሜ፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ለክቡርነትዎ ሥልጠና በአካሉ ምስክር የሆነ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ደርበው ምህረቴ
ዳንግላ፣ የካቲት ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ ትናንት ለገበያ የመጣ አንድ የእንጅባራ ነጋዴ እንደነገረኝ፣ የእንጅባራ ተጫዋቾች ክቡርነትዎ እስከ መልሱ ጨዋታ ድረስ ከአሠልጣኝነትዎ እንዳይነሡ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ጧፍ ተስለዋል። እኔም ወደ ቡድኑ ከተመለስሁ ጃንጥላ ይጨምራሉ። ለእኔ ባይራሩ እንኳ የቤተ ክርስቲያኑን ጥቅም አስበው ይመልሱኝ።