ስለ አዲሱ መጋረጃና ስለ እትዬ መዝገብ ስንብት

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ያ የቆዳ ወንበር ከመጣልዎ ወዲህ ወገብዎ እንደተሻለው ሰምተን የጽሕፈት ክፍል ሴቶች ሃያ ሦስታችንም እፎይ ብለናል።

ባለፈው ማክሰኞ ደረጃው ላይ ለእንግዶችዎ «እነዚህ ሴቶች እኮ ሠራተኞች አይደሉም፣ ቤተሰብ ናቸው» ሲሉ ከኋላዎ ፋይል ታቅፌ እወርድ ነበር። የአለቃን ቃል የምጠራጠር ሰው ስላልሆንኩ እንዳለ ተቀበልኩት። ደመወዛችን ስድስት ዓመት ንቅንቅ ያላለበት ምክንያትም ያኔ ገባኝ፤ ለመሆኑ የገዛ እኅቱን በደመወዝ የሚያሠራ ማን አለ? እንግዲህ በቤተሰብነቴ የሚከተለውን ባቀርብ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ደመወዛችንና ስለ ሥራ ሁኔታችን ማመልከቻ መጻፍ በጀመርን በሦስተኛው ቀን፣ ለማንም ትንፍሽ ሳንል፣ በጽሕፈት ክፍላችን መስኮት ላይ አዲስ መጋረጃ ስለተሰቀለልን እናመሰግናለን። ፀሐዩ ዓይናችንን ሊያጠፋው ነው ብለን አራት ጊዜ አመልክተን መልስ አላገኘንም ነበር። መጋረጃው ውብ ነው። የሚሰማ ጆሮ ተሰፍቶበት እንደሆነ ብለን ሁለት ጊዜ አውርደን አራግፈነዋል፤ እስካሁን ከአቧራ በቀር የወደቀ ነገር የለም።

ሁለተኛ፤ የሴቶች መጸዳጃ ቤት መቀርቀሪያ ከተሰበረ ሁለት ዓመት ስላለፈው፣ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ይዛ ትቆማለች። ሰሞኑን ደግሞ «ኮሪደር ላይ ሁለት ሆኖ መቆም ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ትእዛዝ አክባሪዎች ነን፤ በሩን የሚይዝልንን ሰው ብቻ ይመድቡልን።

ሦስተኛ፤ የአስተዳደር ኃላፊው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው «እንዴት ነሽ የኔ እናት፣ ማሙሽ ተሻለው?» ብለውኛል። ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ሁለቱም ልጆቼ ሴቶች ናቸው፤ የታመመም የለም።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ እኛ እትዬ መዝገብ የምንላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ አሥራ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ወረቀት ሁሉ በእጃቸው ስለሚያልፍ፣ እርስዎ የማመልከቻው አድማ ጠንሳሽ እሳቸው ናቸው ብለው ወሰኑ። እኛ እንዳናይም የስንብት ደብዳቤያቸውን መንገድ ማዶ ካለው የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ አስጻፉ። ጥንቃቄዎ የሚደነቅ ነበር። ችግሩ፣ ከመዝገብ ቤት ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ ዋጋ የለውም የሚለውን መመሪያ የፈረሙት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስለዚህ ደብዳቤው ለቁጥር ወደ እሳቸው ጠረጴዛ ሄደ።

መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ለግል ማኅደሬ ግልባጭ አልተደረገም» አሉ። ቁጥሩን ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ማኅተሙን መቱ። ከዚያም የርክክብ መዝገቡን ገልጠው ደብዳቤው ለራሳቸው መድረሱን ፈረሙ።

ጌታዬ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቅመዋል። እትዬ መዝገብ እስከ ዓርብ ወንበራቸው ላይ ካልተመለሱ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራችንን ትተን ቢሮዎ ደጃፍ እንቆማለን። ኮሪደር ላይ ሁለት መሆን ስለተከለከለ ሃያ ሦስት ሆነን እንመጣለን።

ከቤተሰብነት ወደ ሠራተኛነት ዝቅ እንድትደረግ በታላቅ ትሕትና የምታመለክት፣

እኅትዎ፣ ከጽሕፈት ክፍል

ግልባጭ፦ ለእትዬ መዝገብ የግል ማኅደር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እትዬ መዝገብ ማመልከቻችንን አልፈረሙም። ሦስት ጊዜ ለምነናቸው «ልጆቼ፣ ጡረታዬን ልጠብቅበት፣ እኔን ተዉኝ» ብለው መልሰውናል። ባለመፈረማቸውም የእርስዎ ወሬ አቀባይ እሳቸው ናቸው ብለን፣ ደብዳቤው እስከ ደረሳቸው ቀን ድረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፍገናቸው ነበር።