የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ ለመሪጌታ ጥሩነህ፣ ቢቸና።

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እናቴስ ዓይኗን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደኅና ነኝ፤ ይህን የምጽፈው ግን ቀና ብዬ ፊትዎን ማየት እንደማልችል እያወቅሁ ነው።

ቤት ያከራዩኝ የእትዬ ዋጋነሽ ባለቤት አቶ ወልደጊዮርጊስ በታኅሣሥ እንዳረፉ ጽፌልዎ ነበር። ሐዘናቸው ገና ሳይበርድ አንድ እሑድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በዛብህ መጣና ሃይማኖት ከየት እንደ መጣ አንሥተን መጫወት ያዝን። እኔም ካነበብኩት መጽሐፍ ቀነጫጭቤ፣ ሰው የሞተበት ዘመዱ በዚያው ቀረ ብሎ ማመን ቢያቅተው ነፍስ አለች እንዳለ፣ በመቃብሩ አጠገብ መቅደስ፣ በመቅደሱ ዙሪያ መንደር፣ ከዚያም ሕግና ጽሕፈት እንደ መጣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አስረዳሁት። እትዬ ዋጋነሽ ለካ ምሳ ይዘውልን በሩ ላይ ቆመው ይሰሙኛል። «ታዲያ የእኔ ወልደጊዮርጊስ የትም የለም ማለት ነው?» አሉኝ። በበዛብህ ፊት ማፈግፈጉን ጠላሁና «ጥናቱ የሚለው እንደዚያ ነው» አልኳቸው። ሳህኑን አስቀምጠው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን መሳለም ተዉ። ለአርባው የገዙትን ጌሾና ብቅል ለጎረቤት ሰጡ። ምነው ሲሏቸው «ለማን ብዬ ነው የምደግሰው?» አሉ። ይህን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ገብቼ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። መጽሐፉ ሰው መጸለይ እንዴት እንደ ጀመረ እንጂ ጸሎቱን የሚሰማ መኖር አለመኖሩን እንደማይናገር፣ እኔም እንደማላውቅ ነገርኳቸው። «ያን ዕለት አላውቅም ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። በማግሥቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አየኋቸው፤ ጎረቤትም ጌሾውንና ብቅሉን መለሰላቸው።

አርባው ባለፈው ቅዳሜ ተደገሰ። ከበዛብህ ጋር ድንኳን ውስጥ ስናስተናግድ አንድ መሪጌታ «ጎጃሜ ነህ መሰል፤ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ስምዎን ብጠራ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ቅኔ የተማሩት ከእርስዎ ዘንድ ኖሯል። እጄን ይዘው ካጠገቤ ካልተቀመጥክ አሉ። በዛብህ ግን ግራ ገብቶት «አባቴ ገበሬ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አለኝ። መሪጌታው ሰሙ። እጄን አልለቀቁም፤ ቀና ብለውም አላዩኝም።

አዎን አባቴ፣ ብያለሁ። የደብተራ ልጅ ብለው እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነው። ስለ ሃይማኖትና ስለ ሥልጣኔ ያን ሁሉ ሳወራ፣ ፊደል ያስቆጠረኝ ማን እንደሆነ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ስለ እምነቴ ገና ልቤ አልረጋም፤ ይህን አልዋሽዎትም። እርስዎን መካዴ ግን ከምንም መጽሐፍ አልመጣም። ለፋሲካ እመጣለሁ፤ እስኪጠሩኝ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እኅቴን አስካለማርያምን ከነልጆቿ እንዴት ናችሁ ይበሉልኝ። የቅኔ ተማሪዎችዎን ሰላም ይበሉልኝ ለማለት ግን አፈርኩ።

ልጅዎ ፀሐዬ ጥሩነህ
ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.