የልጄ ጨርቅ በኔ ደብተር

ሰኞ

ዛሬም የለም። ጨርቋን ፈታን፣ አየን፣ አሸተትን፤ ሽንት እንጂ ሌላ ነገር የለም። ካካች ሦስት ቀን ሆናት። ወይዘሮዋ ልጄ ግን ጡቷን ጠብታ ትስቃለች። ዕድሜዋ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው፤ ገና ክርስትና አልተነሳችም።

እኔ የዳንግላው ጋሪ ነጂ፣ ፋንድያ አይቼ ፈረሱ ትናንት ምን እንደበላ የምናገር ሰው፣ በአንዲት ጨርቅ ፊት ደንቆሮ ሆንኩ!

የማታው ትምህርት መምህራችን «በየቀኑ ያያችሁትን ጻፉ» ስላለን፣ ከተወለደች ጀምሮ የጨርቋን ቀለም ከደብተሬ ጀርባ እመዘግባለሁ። ከጋሪ ነጂ ሁሉ እንዲህ ያለ ደብተር ያለው ካለ ይምጣ! መጀመሪያ እንደ ቅጥራን ጥቁር፣ የሚጣበቅ። ከዚያ አረንጓዴ። ከዚያ የተፈጨ ሰናፍጭ የመሰለ፣ ፍሬ ፍሬ ያለበት። ከአንድ ነጭ ወተት ይህ ሁሉ ቀለም! የፈጣሪ ሥራ ይገርማል።

ማክሰኞ

የለም። አራት።

ፈረስ አንድ ቀን ፋንድያ ካልጣለ ሆዱ ታስሯል። ሁለት ቀን ካለፈ የሚተርፈው ቆዳው ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ስለማውቅ እፈራለሁ። ባለቤቴ የሺ «ልጄን ከፈረስህ ጋር አታወዳድርብኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። ልክ ናት። ግን ሌላ የተማርኩት ነገር የለኝም።

ለጋሪ ሰዎች «ልጄ ከአሁኑ ቆጣቢ ሆናለች» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ

አምስት። አማቴ ከዘንገና በኩል መጡ፤ በቅል ቅቤ ይዘው። «ስትወለድ አልነበርኩም፣ ቅቤ ሳትውጥ ቀረች። ይኸው መዘዙ!» በአገውኛም ጨመሩበት፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

«እማማ፣ እስከ ነገ ይታገሡኝ፤ ለሐኪም ላሳያት።»

«ሐኪሙ ስንት ወልዷል? እኔ ሰባት!»

ክርስትና ሳትነሳ አንድ ነገር ብትሆን… ጨርሼ መጻፍ አልቻልኩም። ሆዷን በመዳፌ ነካሁት። ለስላሳ ነው።

ሐሙስ

ሦስቱንም በጋሪ ጭኜ ክሊኒክ። የጤና ረዳቱ ድሬሰር ሆዷን ጫን ጫን አደረገ። ትጠባለች? ታስመልሳለች? ትኩሳትስ? «ሰገራዋ ከመቆሙ በፊት ምን ይመስል ነበር? በቀን ስንት ጊዜ?» የሺ እናቷን አየች። አማቴ ጣሪያውን አዩ። እኔ ደብተሬን መዘዝኩ!

ገለጠው። «ጥቁር። ጥቁር። አረንጓዴ። ብቻ። ብቻ። ሦስት ጊዜ ብቻ…» ቅንድቡ ተነሣ። «አንተ፣ ብቻ ምን?»

«ቀለሙ ነዋ! የሰናፍጭ ቀለም!»

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ቢጫ! ቢጫ በል!» ፊደል የማያውቁት አማቴ እንኳ ሳቁብኝ።

ከዚያ አስረዳን። ጡት የሚጠባ ሕፃን ወር ተኩል ካለፈው በኋላ አንዱ በቀን ብዙ ጊዜ ይጸዳዳል፣ ሌላው በሳምንት አንዴ። በደንብ እየጠባች፣ እየሸናች፣ ሆዷ ለስላሳ ከሆነ፣ ሲመጣም ለስላሳ ከሆነ ጤነኛ ናት። ድርቀት የሚባለው እንደ ፍየል በጠጥ ሲጠጥር ነው። እንደ ኖራ ከነጣ፣ ደም ከታየ፣ ሆዷ ከተነፋ፣ አረንጓዴ ካስመለሰች ወይም አልጠባም ካለች ግን በሩጫ አምጣ። «ፈረስ ሌላ፣ ሰው ሌላ» አለኝ።

እርሳሴን ተቀብሎ ከገጹ ግርጌ ጻፈ፦ ጡት ብቻ። «ይቺኛዋን ‹ብቻ› አታርማት። ቅቤም የለም፣ ውሃም የለም።»

በመንገድ አማቴ «እስቲ የጻፈውን አንብብልኝ» አሉ። ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። «እንግዲያ ቅቤው ለእናቲቱ ይሁን» አሉ።

ዓርብ

ጠዋት የለም። ከሰዓት የለም። ሰባት። ጡት ብቻ፣ ጡት ብቻ እያልኩ ዋልኩ።

ማምሻውን ወይዘሮዋ በአያቷ ጭን ላይ ፊቷ ቀላ፣ እግሯን ሰበሰበች፣ ከዚያ… ጎርፍ! ጨርቁን አልፎ የአማቴን ቀሚስ አጥለቀለቀው። አማቴ እልል አሉ! ጎረቤት ማን ወለደ ብላ መጣች።

ለስላሳ ነው። አንድ ቡጢ በማታህል ሆድ ውስጥ፣ ማንም ሳያዛት፣ ሰባት ቀን ቀኗን ስትጠብቅ! እኔ ፊደል ቆጠርኩ ብዬ አገር ስበጠብጥ፣ እሷ ማንም ያላስተማራትን ታውቃለች።

ደብተሬን ሳወጣ አማቴ «ደህና አድርገህ ጻፈው፣ ደግሞ እንዳይስቁብህ» አሉኝ። ቀስ ብዬ ጻፍኩ፦ ቢጫ።

የቆዩትን ብቻዎች ልሰርዝ ወደ ኋላ ገለጥኩና ተውኳቸው። ያን ጊዜም የጠባችው ጡት ብቻ ነበር፤ ውሸት አልጻፍኩም።