መርዶ ነጋሪ የሆንኩበት ሳምንት

ማክሰኞ

የሀብታሙ እናት አርፈዋል። ትናንት ተቀብረዋል። ወሬውን የሰማሁት እዚህ ሪያድ፣ ሱለይማኒያ ሰፈር፣ የምሾፍርላትን ማዳም ሐኪም ቤት አድርሼ መኪና ውስጥ ስጠብቃት ነው። እህቱ ደወለችልኝ። ለቅሶው አላናግር ብሏታል። «ጋሼ፣ በስልክ እንዳይሰማ። ሰው ሰብስበህ አንተ አርዳልኝ» አለች። እሺ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?

ሀብታሙ ዐዚዚያ ሰፈር ብየዳ የሚሠራ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሪያድ ስመጣ፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እስኪወጣ ድረስ ፍራሹን ለእኔ ለቆ እሱ መሬት ላይ የተኛ ሰው ነው። እንባው ቅርብ ነው። መዝሙር ሲሰማ ያለቅሳል። የእህቱን ልጅ የክርስትና ቪዲዮ አይቶ አልቅሷል። እኛም አልቃሻው እያልን እንስቅበታለን፣ እሱም አብሮን ይስቃል። እኔ ሌላ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ያገር ልጆች ተሰብስበን ስንጸልይ ሰው ማልቀስ ከጀመረ ሻይ ላፍላ ብዬ እነሳለሁ።

ረቡዕ

ለጋሽ መኮንን ነገርኳቸው። የመጋዘን ጠባቂ ናቸው፣ ከመካከላችንም በዕድሜ ትልቁ። ዓርብ ንጋት ላይ ይሁን፣ ሁላችንም ዕረፍት ነን አሉ። እስከዚያ ማንም እንዳይተነፍስ።

የሚያስፈሩኝ ነገሮች፦
አንዱ ያገሩ ሰው ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር ብሎ እንዳይለጥፍ።
ሐሙስ ሐሙስ ለእናቱ ይደውላል።
ግድግዳው ስስ ነው። ስንጸልይ እንኳ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። ያ ሁሉ ወንድ ዋይ ሲል ጎረቤት ምን ይላል?
ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኔ አፍ።

መኪና ውስጥ ተለማመድኩ። «ሀብታሙ ወንድሜ፣ እንግዲህ...» ከዚህ አላልፍ አለኝ። ማዳምን ከኋላ መጫኔን ረስቼ ኖሯል፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው አለችኝ።

የራሴን አባት ሞት ባለቤቴ በስልክ ነገረችኝ። ሁለት ዓመቱ ነው። ውሃ ጠጣሁ፣ ከዚያ ሥራዬን ቀጠልኩ። ወንድ ነኝ፣ ክርስቲያንም ነኝ፣ ትንሣኤ አለ አልኩና ዘጋሁት። እዚህ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሀብታሙም ጭምር። ይሄንንም ስጽፍ ገና ዛሬ ነው።

ሐሙስ

ሀብታሙ ደወለልኝ። እናቴ ጸበል ሄዳለች አሉኝ፣ ጉልበቷን ሊሻላት ነው ብሎ ሳቀ። ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል። ተመስገን ነው አልኩት። በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ ውሸት የለም። ነገ በጠዋት አንተ ቤት ጸሎት አለ ስለው «ኢንሻአላህ፣ ኑ» አለ።

ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ዓርብ



አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰባት ሆነን ደረስን። ጋሽ መኮንን ጋቢያቸውን ደርበዋል። ደረጃው ላይ ጉልበቴ ከድቶኝ ነበርና ክንዴን ይዘው ነው ያወጡኝ። ሀብታሙ ፊቱን ሳይታጠብ በሩን ከፈተ። ጋቢውን አየ። ሰዉን አየ። ከዚያ እኔን፣ በሰው ተደግፌ ከንፈሬ ሲንቀጠቀጥ አየኝ። አገር ቤት ሰው እንዲህ ተይዞ የሚመጣው መቼ እንደሆነ ያውቃል። መርዶው የእኔ መሰለው።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «ወይኔ ወንድሜ፣ አባትህ ናቸው?»

«አዎ» አልኩ።

ላስበው ጊዜ አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልወጣው ወጣ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ሀብታሙ አብሮኝ እያለቀሰ በእጅጌው ፊቴን ይጠርግልኛል። አይዞህ ይለኛል፣ እናቱ የሞተችበት እሱ! ጋሽ መኮንን ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። ሌላ ሰው እንዲነግረው አልፈለግሁም። ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ሀብታሜ፣ የእኔው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ የመጣነው ላንተ ነው። እናትህ አርፈዋል።»

ጮኸ። ዝም በል ያለው ሰው የለም። ስለ ግድግዳው ያሰበም የለም። ሰባታችንም አለቀስን።

በሩ ተንኳኳ። ያኔ ክው አልን። ከፈትኩ፣ ጎረቤቱ ፓኪስታናዊ ነው። እናቱ ሞታበት ነው አልኩት በአረብኛ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆየና ሄደ። ጥቂት ቆይቶ በፔርሙስ ሻይ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦም ይዞ ተመለሰ። ጫማዎቻችን መሀል ተቀምጦ ለሁላችንም ሻይ ቀዳልን። እግዜር ይስጠው።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ በራሴ ስናደድ ዋልኩ። ሰው ሊያረዳ ሄዶ የራሱን ለቅሶ የሚዘረግፍ ምን ዓይነት መርዶ ነጋሪ ነው? ማዳም ሁለት ሰዓት ፈቀደችልኝና ሄድኩ።

ሀብታሙ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ሐሙስ ስስቅ እያወቅህ ተመስገን አልከኝ አለ። ይቅርታ አልኩት። ብዙ ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም። በቃ፣ ወንድሜን አጣሁ ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«ያቺን ሰዓት ብቻዬን ብሆን አልችላትም ነበር» አለ። ቀጥሎ የአባቴን የክርስትና ስም ጠየቀኝ። ከእናቱ ጋር በጸሎት ሊያስጠራው ነው።

አላውቀውም። የገዛ አባቴን! እንደዚያች ሰዓት አፍሬ አላውቅም።

እሑድ

እናቴ ጋ ደወልኩ። ወትሮ የምላት ደህና ነኝ እማዬ፣ አንቺስ ነው፣ ከዚያ ቻው። ዛሬ የአባባ የክርስትና ስም ማን ነበር አልኳት። «ኃይለ ሚካኤል» ብላ ነገረችኝ። ምነው ዛሬ ጠየቅኸኝ አለች።

«አባባ ናፍቆኝ ነው።» ማልቀሴን አልደበቅኳትም።

«ልጄ፣ አንተን እንዳላስከፋ ብዬ እኮ ነው እስከዛሬ ስሙን ያላነሳሁት» አለችኝ።

እኔም እሷን እንዳላስለቅስ ብዬ ነበር። ተመስገን፣ ዛሬ አብረን አለቀስን።