ስምረት እና ሥምረት አንድ ሰው ስለመሆናቸው

ለተከበሩ የቀበሌያችን የነዋሪዎች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ እንደምን ሰንብተዋል? ስለ ሙቀቱ እንኳ አልጠይቅዎትም። የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ በደህና እንደሚሠራ፣ ከመስኮቱ በታች ቆሜ ጠብታውን በትከሻዬ እየተቀበልኩ አራት ወር ሙሉ ስላረጋገጥኩ በዚህ በኩል ሐሳብ የለብኝም።

ስሜ ስምረት ተክለወልድ ይባላል፤ ቢያንስ እስከ ሰኔ ድረስ ይባል ነበር። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበሩ፤ ተወልጄ ያደግሁት፣ እናቴንም አስታምሜ የሸኘሁት እርስዎ በሚያገለግሉት ቀበሌ ውስጥ ነው። ሙያዬ ስፌት ነው። በአንድ ልብስ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ የመስመር ተቆጣጣሪ እስከ መሆን ደርሼ ነበር፤ ፋብሪካው ተዘጋ። ባለፈው ሰኔ ሌላ ፋብሪካ ለዚያው ሥራ ፈትኖኝ አለፍኩና የሠራተኛ አስተዳደሩ አቶ ዳጊ «ሰኞ መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ፤ ትጀምሪያለሽ» አሉኝ። እኔ ግን መታወቂያ አልነበረኝም። ምትክ ለማውጣት ወደ እርስዎ ዘንድ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተደረገልኝን ሁሉ እንዳልረሳው በተራ ቁጥር አስፍሬዋለሁ።

1. በመጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ሰፈር ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ መጣ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ፈርዶውሳ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። ባለቤቷ ኢብራሂም ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ውኃው አልጋው እግር ላይ ደርሶ ነበር። እሷ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ይዘን ወደ ላይኛው መንገድ አወጣነው። ስመለስ የቤቴ በር አልነበረም። ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥላ የነበረችው ቦርሳም መታወቂያዬን፣ የልደት ምስክር ወረቀቴንና የሥራ ማስረጃዬን እንደያዘች ሄዳለች። ይህን ሁሉ መስኮት ሁለት ላይ ለተቀመጡት ባለሙያዎ ሳስረዳ፣ ቀና ሳይሉ «ሰነድሽን ለምን አስቀድመሽ አላወጣሽም?» ብለው ጠየቁኝ። ትክክል ናቸው። ሰውየው ሊጠብቅ ይችል ነበር። ወደፊት ጎርፍ ሲመጣ ቅደም ተከተሉን እንደማከብር ቃል እገባለሁ።

2. ፖሊስ የጠፋብኝን ዘርዝሮ ማስረጃ ሰጠኝ፤ የቀረው የቤተሰባችንን ፋይል ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ማየት ብቻ ነበር። ፋይሉ አልተገኘም። ነገ ነይ ተባልኩ፤ ነገ መጣሁ። ሰኞ ነይ ተባልኩ፤ ሰኞ መጣሁ። በአራተኛው ሳምንት «ፋይል ከሌለ ከዚሁ ቀበሌ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሚያውቁሽ ሦስት ምስክሮች አምጪ» ተባልኩ። አቶ ዳጊም በስልክ «ቦታውን እስከ መስከረም እይዝልሻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም» አሉኝ። ሳልጠይቅ አንድ ሰው ቦታ ሲይዝልኝ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው፤ ስልኩን ዘግቼም ለጥቂት ጊዜ በእጄ ይዤው ቆየሁ።

3. ለዚህኛው ምስጋናዬ ከሁሉም የላቀ ነው፤ ስለ ራሴ የማላውቀውን አሳውቆኛልና። ያን ዕለት ከቀበሌ እንደተመለስኩ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ስም መጻፍ ምን ይቸግራል ብዬ ነበር። መጀመሪያ እጄ የጻፈው የእናቴን ስም ነው፤ ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ሰረዝኩት። ጅቡቲ ያለው ወንድሜ ስልኩን ከቀየረ ቆይቷል፤ አዲሱን ቁጥር አልሰጠኝም። የፋብሪካ ጓደኞቼ በየሰፈሩ ተበትነዋል፤ ጎረቤቶቼን ደግሞ ጎርፉ አንዱን ቢዮ አዋሌ፣ ሌላውን መልካ ጀብዱ ዘመዶቹ ዘንድ አስገብቷቸዋል። በግቢው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ መሄጃ ስለሌለኝ። ወረቀቱን ሳየው አንድ የተሰረዘ ስም ብቻ ነበረበት። አርባ ሦስት ዓመት በአንድ ከተማ ኖሬ፣ ይህች ስምረት ናት የሚል ሦስት ሰው እንደሌለኝ የነገረኝ ከእርስዎ ቢሮ በቀር ማንም የለም።

ፈርዶውሳ ሰምታ ከመልካ ጀብዱ ድረስ መጣች። ባሏን ለልጇ ትታ፣ የበዓል ልብሷን ለብሳ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከጎኔ ቆመች። ተራችን ሲደርስ ባለሙያዎ መታወቂያዋን አገላብጠው «አንቺ አሁን የሌላ ቀበሌ ነዋሪ ነሽ፤ አይሆንም» አሏት። «ይቺ ሴት ባሌን ከውኃ አውጥታልኛለች። ከእኔ በላይ ማን ይመሰክርላታል?» ስትል «እሱን ማኅበራዊ ጉዳይ ሂጂና ተናገሪ» አሏት። መኪና እስክታገኝ አብሬያት ቆምኩ። ስትሳፈር እጄን ይዛ «አፍሬሻለሁ» አለችኝ፤ ማፈር የነበረበት ማን እንደሆነ ሳልነግራት መኪናው ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ወደ እርስዎ ዘንድ ስመላለስ ምስክር ፍለጋ ብዬ ሳይሆን ሌላ መሄጃ ስላልነበረኝ እንደሆነ አሁን ልናዘዝ። መስከረምም አለቀ።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ካለችው ሱቅ ዳቦ ስገዛ፣ ባለሱቋ ሆዳን ዳቦውን ሳትሰጠኝ ያዝ አደረገችው። ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ከስተሻል። ሥራ አትሄጂም እንዴ?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ስነግራት ድምፄ ተበላሸ፤ ለረጅም ጊዜ ስላላወራሁበት ይሆናል። ሆዳን እስክጨርስ ሰማችኝና «ሦስት ሰው ብቻ ነው የፈለጉት?» አለች። በማግስቱ ሱቋን ዘግታ፣ ሲያድ የሚባለውን ባሏንና አማቷን እማማ ደሄቦን አስከትላ ቀበሌው በር ላይ ቀድማኝ ተገኘች።

ባለሙያዎ «በምን ታውቂያታለሽ?» አሏት።

«በዳቦ» አለች ሆዳን።

«ምን ማለት ነው?»

«ሱቁን ከከፈትን አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው። ጠዋት ጠዋት ሦስት ዳቦ ትወስድ ነበር፤ ሁለት ለእሷ፣ አንድ ለእናቷ። እናቷ ሲታመሙ ሁለት ሆነ፤ እሷ መብላት ቀንሳ ነበር። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አንድ ነው። ያቺን የመጀመሪያዋን ቀን ሁለት ጠቅልዬ ሰጥቻት፣ አንዱን ምንም ሳትል መለሰችልኝ። ዋላሂ፣ ከዚህ በላይ ሰው እንዴት ነው የሚታወቀው?»

ባለሙያዎ ቅጹ ላይ «ጎረቤት» ብለው ጻፉ። እኔ ግን በዚያች ሱቅ በኩል በየጠዋቱ ሳልፍ የሚያየኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እማማ ደሄቦ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «ፈርሚላት፣ ልጄ፤ እግሬን አሞኛል» አሉ፤ ባለሙያዎ ወንድ መሆናቸውን ማንም አላረማቸውም።

4. በሳምንቱ ምትክ መታወቂያ ተሰጠኝ፤ ተመስገን። በላዩ «ምትክ» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለበት፤ ስሜም «ሥምረት» ተብሏል። ፊደል አዋቂነትዎን ባደንቅም እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ራሴን የምጽፈው በእሳቱ ሰ ነበር። መስከረም ቢያልፍም ቦታው ገና አልተያዘም ነበርና አቶ ዳጊ ካርዱን የፈተና ወረቀቴ አጠገብ አስቀምጠው አዩት። «ፈተናውን ያለፈችው በእሳቱ ሰ ስምረት ናት፤ ይሄ ደግሞ በንጉሡ ሠ ነው። ቀኑም የባለፈው ሐሙስ ነው። እኔ አምንሻለሁ፤ ኦዲት አያምነኝም» አሉ። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች አንድ ስለመሆናቸው ደብዳቤ ለመለመን ተመልሼ መጣሁ። አሥራ ሰባት ቀን ፈጀ። እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚያ ቀናት ሁለት መባሌን አልጠላሁትም ነበር፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሴት ያለች ያህል።

ከዚህ በኋላ ተራ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

ደብዳቤውን ይዤ ስደርስ የተቆጣጣሪነቱ ቦታ ተይዟል። አቶ ዳጊ ዓይኔን ሳያዩ «የማሽን ሠራተኛ ሆነሽ ብትጀምሪስ?» አሉኝ። ጀመርኩ። የመስመሬ ተቆጣጣሪ ማርቲ የምትባል ልጅ ናት፤ በቀድሞው ፋብሪካ ኮሌታ መግጠም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ስታየኝ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሣች። «ቁጭ በይ፤ ሰው እያየን ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ለመመርመር ስትመጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ይሄን እንዴት ላድርገው?» ትለኛለች፤ እነግራታለሁ፤ እሷም በራሷ ስም ታዛለች። ከፍቶኝ እንደሆነ ከጠየቁኝ፣ አዎን፣ ከፍቶኛል። ማሽኑ ሲነሣ ግን እጄ ያውቀዋል፤ እጄን ምስክር አምጪ ያለው የለም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ምንም እንዲያደርጉልኝ አይደለም። እርስዎ ምንም አለማድረግን ምን ያህል ተክነው እንደሚሠሩት አይቻለሁና ከሥራዎ ላናጥብዎ አልፈልግም። ከበስተኋላዬ ግን ተሰልፈው የነበሩ አሉ፤ ከጎርፉ ሰፈር የመጡ፣ ባዶ እጃቸውን የቆሙ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሆዳን የለቻቸውም። ሲመጡ እባክዎ ቀና ብለው ይዩዋቸው። ለማየት ማኅተም አያስፈልግም።

መስኮትዎ ሳይዘጋ፣ ወንበርዎም ሳይነቀነቅ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በከፍተኛ አክብሮትና በቀይ ጽሑፍ የተረጋገጥኩ ነዋሪዎ ሆኜ እቀራለሁ፤

ስምረት ተክለወልድ
(እንዲሁም ሥምረት ተክለወልድ)
ኅዳር፣ ድሬዳዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላደርስ ዛሬ ጠዋት ስመጣ በርዎ ላይ «የጽሕፈት ቤቱ ክብ ማኅተም ስለጠፋ ምትክ እስኪቀረጽ አገልግሎት አንሰጥም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ከልብ አዝኛለሁ። በዚህ መካከል ኃላፊው እርስዎ መሆንዎን የሚጠራጠር ሰው ከመጣ ግን ሳያመነቱ ወደ እኔ ይላኩት፤ ማን እንደሆኑ በደንብ አድርጌ እነግረዋለሁ።